ለመጋዙ የሚሆን የቤንዚን ዕቃ

ጥር 20 ቀን
ጊሼ፣ ራቤል

ይድረስ ለማልጠግብህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔም፣ አባትህም፣ በጎቹም የራቤል ብርድ በሚፈቅድልን መጠን አለን፤ ላቆየን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። የደብረ ብርሃን ብርድ ከእኛው አይተናነስም ይላሉ። የቀኝ እጅህ ጠባሳ ሲበርድ ይጠዘጥዝሃል? ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቅቤ ልኬልሃለሁ፤ እጅህን እንድትቀባበት ነው። እንደማውቅህ ግን በዳቦ ትበላዋለህ።

ገብሱ በጊዜ ስለታጨደ ተርፎልናል። ባቄላውን ውርጭ አቃጠለው። «አቃጠለው» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ነበር፤ ሌላ ቃል ስላጣሁ ተውኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስደውልልህ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሞኟ ወረቀቱን ይዤ መጣሁብህ። ለሰው አላጻፍኩም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ፊደል ነውና እየታገሥህ አንብበው። የሚያመጣልህ ጎረቤታችን አቶ ጌጡ ነው፤ በግ ጭኖ ወደዚያ ይወርዳል። ወሬ እንደሚወድ ስለማውቅ ፖስታውን በሊጥ አጣብቄዋለሁ፤ ተቀዶ ከደረሰህ ንገረኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለመጋዙ የቤንዚን ዕቃ እፈልጋለሁ።

አባትህ የሞተር መጋዙን ሊያስነሣው ነው። ከነሐሴ ወዲህ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ቆጡ ላይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ከገና ወዲህ የተነሣው ነፋስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትልልቆቹን ባሕር ዛፎች ጥሏቸው፣ አንዱ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ተጭኖታል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጥተው ሲለምኑት ሰማቸውና መጋዙን ከቆጥ አወረደው። አሁን ሰንሰለቱን በሞረድ እየሳለ ነው። ቤንዚኑ በምን እንደሚያዝ ግን እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ገበያ ወርጄ ውባየሁ ሱቅ ገባሁ። «እትዬ፣ ይኼን ይውሰዱ፣ ታጥቧል» ብሎ ያን ቢጫ የዘይት ጀሪካን አነሣልኝ፤ ሃያ ሊትሩን፣ የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበትን። ልጄ፣ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ሰውየው ክፋት የለበትም። አገሩ ሁሉ የሚይዘው በዚያው ነው፤ ውኃውም፣ ጠላውም፣ ጠበሉም፣ ላምባውም፣ ቤንዚኑም አንድ ልብስ ለብሰው ነው የሚኖሩት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬው ባዶ እጄን ወጣሁ። ግራ ገብቶት ከኋላዬ ሲያየኝ ነበር።

እንግዲህ ሞተር ስትፈታ የምትውለው አንተ ነህና ምረጥልኝ። ቢጫ ብቻ አይሁን። ቀይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ቀለምም አይበቃኝ፤ ቤት ጭስ ሲሞላው ሁሉም ዕቃ ጥቁር ነው። እጅ ሲዳብሰው የወጥ ቤት አለመሆኑን የሚያውቀው ይሁን፤ መያዣውም አፉም ሌላ የሆነ። ደግሞ ትልቅ አይሁን። የአባትህ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ዳገቱን ተሸክሞት ነው የሚወጣው፤ አምስት ሊትር ይበቃዋል። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲከርም መጋዙን ያሳምመዋል ብለህ ያስተማርኸኝም አንተ ነህ። ብዙ የገዛ ሰው የተረፈውን የሚያስቀምጥበት መፈለጉ አይቀርም። እኔ በዚህ ቤት ከእንግዲህ የተረፈ ቤንዚን ማየት አልፈልግም።

ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ መቅጃ ያለው አለ ይላሉ፤ ካገኘህ እሱን። የውኃ ፕላስቲክ ቆርጦ በዚያ መገልበጥ፣ ከዚያ የጋለ ሞተር ላይ ጠብ ማድረግ ይቅርብን። ክዳኑም ጎማ ያለው፣ ጠበቅ ያለ ይሁን። ፌስታል አፉ ላይ ወትፈው የሚዘጉትን ዓይነት እንዳታሳየኝ።

ይሥሐቅ የሚባል የዓለም ከተማ ጣውላ ሰንጣቂ ባሕር ዛፍ ሊገዛ መጥቶ ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ አሳየን፤ በአንድ ወገን ቤንዚን፣ በሌላው ወገን የሰንሰለቱ ዘይት ይይዛል። ጫካ ለሚውል ሰው ግሩም ነገር ነው፤ አባትህም እየዞረ አየው። እኔ ግን ሁለት ነገር ባንድ ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጦ እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራ አዋቂ ቢስቅብኝ ይሣቅ። ለዘይቱ ለብቻው፣ ለቤንዚኑ ለብቻው ይሁን።

ብረት ይሻላል ፕላስቲክ የሚለውን ላንተ ትቼዋለሁ። ብቻ የሚጮኽ አይሁን።

ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርህ። ያን ጊዜ ሞልቶ የነበረው የመጋዙ አሮጌ ጀሪካን እስካሁን ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ከጎተራው ሥር ተቀምጧል። ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው «ዱም» ይላል። ማታ ብርዱ ሲገባ መልሶ «ዱም» ይላል። ይሥሐቅ ነገሩን አስረድቶኛል፤ ታፍኖ የተቀመጠ ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ስስ የሆነ ጀሪካንም አብሮ ይወጣል ይገባል፤ ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ግን ደንደን ያለ ነው አለኝ። ገባኝ። ጆሮዬን ማን ያስረዳልኝ? እህትህ ኮከብ ከምንጭ ስትመለስ የውኃ ጀሪካኗን ደጃፍ ላይ የምታሳርፈው ልክ እንዲህ ነበር። ዕቃ ቀስ ብላ ማስቀመጥ አታውቅም፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። አሁን በጮኸ ቁጥር ሸክሟን ላግዛት ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ወጥቼም ትንሽ እቆማለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ።

የነፍስ አባታችን መጥተው ጠበል ረጩበት። ገና ከግቢው ሳይወጡ ጮኸ። ቆም ብለው አማተቡና «ልጄ፣ ይኼ የፀሐይ ሥራ ነው፤ ያንቺን ግን እግዚአብሔር ያብርድልሽ» አሉኝ። እኔ ወስጄ ልድፋው ስለው አባትህ «ተዪው» አለኝ። አንድ ቀንማ ሲጮኽ ሁለታችንም እኩል ተነሣን። ተያየንና ተመልሰን ተቀመጥን። እኔ ስለ እሱ፣ እሱም ስለ እኔ አፈርን።

ስለዚያ ጠዋት አላነሣም ብዬ ነበር፤ ከጀመርኩ ግን ልጨርሰው። ነሐሴ ስለነበር እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ኮከብ እሳት ልታያይዝ እንደ ልማዷ ከላምባው ጀሪካን አንሥታ አፈሰሰችበት። ከአመዱ ሥር ፍም ነበረ። ጀሪካኑ ውስጥ ላምባው አልቆ፣ የመጋዙ ጀሪካን ሞልቶ የተረፈው ቤንዚን ገብቶበት ኖሯል። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ ናት፤ ግን ላዩ ላይ ምንም ካልተጻፈበት ምኑን ታንብበው? አንተም በባዶ እጅህ ልታጠፋላት ገባህ። ሆስፒታል ስደርስባት ፊቷ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር። የጠየቀችኝ «የወንድሜ እጅ እንዴት ሆነ?» ብላ ብቻ ነው። ይድናል አልኳት።

ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ሳለ አባትህ ተነሥቶ «ቤንዚኑን በላምባው ዕቃ የጨመረው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ታስታውሳለህ። አንተ በፋሻ የተጠቀለለ እጅህን ታቅፈህ ማዕዘኑ ጋ ተቀምጠህ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። አንተም ከዚያ ወዲያ ዓይንህን ከመሬት አላነሣህም፤ በሠልስቱ ማግሥት ሳትሰናበተኝ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖርኩ ሰው አልነገረህ ይሆናል። ማኅበር ላይ ሴቶቹ «አንቺ ዕረፊ፣ እሳቱን እኛ እናየዋለን» ይሉኛል። አዝነውልኝ ነው። ልጇን ያስፈጀች የሚሉኝም አሉ፤ እነሱ ይሻሉኛል፣ ቢያንስ መልስ አለኝ። አባትህ ደግሞ ከአንድ ሞሰብ ይበላል እንጂ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት። ያልቻልኩት ያንተን መቅረት ነው። ለአርባዋ አልመጣህም፣ ለሰማንያዋም አልመጣህም። ብር ትልካለህ፤ እሰይ፣ ተባረክ፤ ግን ብሩ «እማዬ» ብሎ አይጠራኝም። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። አንተን በቁምህ መቅበር አልችልም ልጄ፤ ይህን አልችልም።

እስካሁን የጻፍኩት የራሴን ነው። ቀጥሎ ያለውን የላከልህ አባትህ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ደጅ ተቀምጦ መጋዙን ሲጠርግ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ስለ ዕቃው ቀይ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን እያልኩ እለፈልፋለሁ። ቀና ሳይል «አንቺ ያን ሰሞን ዘመሮ ነበርሽ» አለኝ። «እህትሽ ወልዳ አራስ ጥየቃ ሄደሽ ነበር። ሰው ልከንብሽ ነው ሆስፒታል የደረስሽው። እኔ ደግሞ ቤንዚን በእጄ አልነካሁም» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ያሰብከው ብዬ ጠየቅሁት። ከአርባዋ ወዲህ ነው አለኝ። ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልከኝ፣ ምነው ፊትህን ያዞርክብኝ አልኩት። «ፊቴን ካየሽው እንደማውቅ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው። አንቺ የሸፈንሽውን እኔ ልግለጠው?» አለኝ።

የመጋዙን ሰንሰለት ጠርጎ፣ አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቀለለው። ሲነሣ ነው እንደገና የተናገረው። እንዳለኝ አድርጌ ልጻፍልህ፦ «ለልጁ ጻፊለት። ዕቃውን እሱ ይምረጠው። በሰው እንዳይልከው፤ ራሱ ይዞት ይምጣ። እነዚያን ዛፎች ብቻዬን አልችላቸውም።»

መንፈቋ በየካቲት አጋማሽ ነው። ዛፎቹም እስከዚያ የትም አይሄዱም።

የእጅህን ሕመም መድኃኔዓለም ያቅልልህ። መንገዱን ይክፈትልህ፤ ክፉ ሰው፣ ክፉ ሰዓት አያግኝህ። የበላኸው ይስማማህ፣ የተኛኸው እንቅልፍ ይሁንህ። አባትህ ምርቃት ጨምሪበት ብሎኛል፤ እሱ አፉ ስለማይፈታለት ነው እንጂ ከእኔ ይልቅ ይመርቅሃል።

የአንተና የኮከብ እናት