ጋሼ የሚባለው ቅጠል

ውድ እትዬ፣

ልጅሽ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አፈር ሳትነኪ እንዴት ከረምሽ? ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መሀሉ ላይ ስትደርሺ ትቆጪኛለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመኪና ማቆሚያ አባዜ ይዟቸዋል። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው የገዛ መኪናው ደጅ አያድርም ብለው የመድኃኒት ቅጠል የሞላበትን ጓሮሽን ሲሚንቶ ሊያለብሱት ተነሡ። ብለምን ባስለምን እምቢ አሉ። በመጨረሻ ስለ ዕፅዋት የሚያጠና ባለሙያ ይዳኘን አልኳቸው። ባለሙያው ከቅጠሎቹ የረባ ጥቅም ካላገኘባቸው ቅዳሜ አሸዋው እንዲራገፍ ተስማማሁ።

ባለሙያው ቅጽ ይዞ መጣ፤ መጀመሪያ የጠየቀኝም የቅጠሎቹን ስም ነው። ጉዴ ፈላ። አንቺ ያስተማርሽኝ እያንዳንዱን ቅጠል በዘመድ እየሰየምሽ ነዋ። «ስም ይረሳል፣ የዘመድ አመል ግን አይረሳም» ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ከሠላሳ አንዱ ቅጠል አንዱንም አልረሳሁም። ጋሼ ወንበር ስበው እንደተቀመጡ ጀመርኩ። ይሄ ሌላው ላይ ተጠምጥሞ የሚኖረው አማች ነው፤ ለቁስል ይሆናል። ይቺ ካልነኳት የማትሸት፣ ከነኳት ግን ቀኑን ሙሉ የማትለቅ ምራት ናት፤ ለጉንፋን። ባለሙያው ፊቱ ሳይፈታ ይጽፋል። ጋሼ ግን አማች ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሱ።

እኔም በሳቃቸው ተዘናግቼ ወደ አጥሩ ሥር አለፍኩ። ሳይተክሉት የሚበቅል፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ፣ ምሬቱ ምላስ ላይ የሚያድር እያልኩ ዞር ስል ሳቁ ቆሟል።

«ይሄስ ማን ይባላል?» አሉ ጋሼ።

እሳቸውን አየሁ፣ ቅጠሉን አየሁ። ጋሼ የሚባለው እሱ መሆኑ ገባቸው።

«ለምን ይጠቅማል?»

እትዬ፣ ዋሸሁ። ልብ ያጠነክራል አልኩ። ባለሙያው ጻፈው፤ ጋሼም ኮሌታቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቅዳሜ አሸዋ አልመጣም።

ጓሮሽ ተረፈ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከእናትሽ እናት ጀምሮ አንድ ቃል ሳይዛነፍ የመጣው እውቀት እኔ ጋ ሲደርስ ውሸት ገባበት። ቅጹ ታትሞ አንድ የልብ ሕመምተኛ ጋሼን ቀቅሎ ቢጠጣስ? ስለዚህ ትናንት ባለሙያውን መልሼ ጠራሁትና እዚያው ጋሼ ፊት እውነቱን ተናገርኩ፤ ቅጠሉ የሆድ ትል ማስወጫ ነው።

ጋሼ ቅጠሉን ብዙ አዩት። ሲሚንቶው ታየኝ።

«በእርግጥ ያስወጣል?» አሉ።

«አንድም አያስቀር።»

ወደ ባለሙያው ዞረው፣ «አስተካክለህ ጻፈው» አሉት። «ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ያየኝ ሁሉ አሁንስ አረፍክ ይለኛል። ለካ ሥራ ላይ ነኝ።»

ዛሬ ጠዋት ማስታወሻ ደብተር ገዝተው መጡ፤ ሠላሳ አንዱንም ላስተምራቸው ነው። እየዞርን ሳለ፣ «ሁላችንንም እንዲህ የጠራችን እሷስ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ፈለግኩሽ፤ የለሽም። ለራስሽ አንድም ቅጠል አላስቀረሽም። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የእኔም። ከዚያ ግን በጓሮው ከሁሉ እሾህ የበዛባትን መርጠው አጠገቧ «እትዬ» ብለው የጻፉበት እንጨት ተከሉ። ባለሙያው ሰኞ ይመለሳል። ቀድመሽ መጥተሽ ካልተከራከርሽ አስመዘገቡሽ ማለት ነው።

በናፍቆት የምትጠብቅሽ
የእህትሽ ልጅ