ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?

መካነ ሰላም፣ ሰኞ

ውድ ሙሐሲን፣

ውድ ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው። ሰሞኑን ስልክህን የማላነሳው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እንደ ሁልጊዜው እሺ እልሃለሁ። በጽሑፍ ግን አታቋርጠኝም።

እማ ደህና ነኝ የምትልህ ውሸቷን ነው። የተተካላት የዳሌ ብረት ከቦታው እየወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዋን ከአልጋ ሥር ልታወጣ ጎንበስ አለች፣ ቋ አለ። ያንን ድምፅ አንተ አታውቀውም። እኔ አሁን በር ሲዘጋ እሱ ይመስለኛል። ጎረቤት ድስት ሲከድንም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ደሴ፣ ዶክተሩ ክፍል የተባለው ትዝ ይልሃል? አንተ ሪያድ ሆነህ በስልክ ነበርክ፣ ድምፅህ ግን ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዳን። ብረቱ ጫፉ ላይ ክብ ራስ አለው፤ ራሱ ፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። ራሱ ትንሽ ከሆነ ፕላስቲኩ ወፍራም ይሆናል፣ ቶሎ ተፍቆ አያልቅም። ትልቅ ከሆነ በቀላሉ ከቦታው አይወጣም፣ ፕላስቲኩ ግን ይሳሳል። ከዚያ ጠየቀ።

«እናታችሁ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?»

እሱ የጠየቀው ስለ ዳሌዋ ነው። አንተ የሰማኸው ስለ ኑሮዋ።

«ሶፋ ላይ ነው ዶክተር። ምን ጎድሎባት? እኔ እያለሁ መሬት አትቀመጥም።»

እማ ልትናገር አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ልጇን በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገው? እኔ ግን «መስገጃዋስ?» አልኩ።

«ኢልሀም፣ አንቺ ዝም በይ። ሐኪሙን አታስተምሪው።»

ትንሹ ራስ ተመረጠ። ዕድሜ አለው ተባለ። ሶፋ ላይ ለሚውል ሰው ልክ ነበር።

የገዛህላት ሶፋ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳለትም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ የሻለም በመጡ ቁጥር «የሙሐሲን ሶፋ ላይ አቧራ እንኳ አስፈቅዶ ነው የሚቀመጠው» ይላሉ። እማ ትስቃለች፣ መሬት ከተነጠፈው አጎዛዋ ሳትነሳ። ባቄላ የምትፈለፍለው መሬት ላይ ነው። አላህን የምትለምነውም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዝቅ እንዳትል አስጠነቀቋት። ወንበር ላይ ሆና ሰገደች። አልሆነላትም። «ጌታዬን እንደ ሊቀመንበር ተኮፍሼ ላናግረው?» ትለኛለች። ከረመዳን በኋላ አንድ ጠዋት መስገጃዋን መሬት ዘረጋች። ብረቱ የወጣው ሱጁድ ላይ፣ ግንባሯን መሬት ስታስነካ ነው። ሮጬ ደረስኩ። ጣቷን አንስታ ከለከለችኝ። በጎኗ እንደወደቀች ሰላቷን ጨረሰች፣ ወደ ቀኝ አሰላመተች፣ ወደ ግራ አሰላመተች። ከዚያ ነው የጮኸችው።

ደሴ ወስጄ ብረቱን ወደ ቦታው አስመለስኩላት። መኪና ውስጥ ሻርፔን ነክሳ ነበር። አቀስታ ስንደርስ ከአፏ አወጣችና «ሙሐሲን እንዳይሰማ» አለችኝ። ሕመሟን አይደለም የደበቀችው። ውሸትህ ያደረሰባትን ነው።

አሁን ግን ሰማህ።

ሐሙስ እንደገና ይከፍቷታል። ዶክተሩ ትልቁን ራስ ሊያደርግላት ይችላል። ፕላስቲኩ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ተፍቆ ያልቅ ይሆናል። እሱንም እፈራለሁ። ሌሊት ነቅቼ የሚፋቅ ነገር የምሰማ ይመስለኛል። ግን ጥያቄው እንደገና ይጠየቃል፣ የምትመልሰውም እሷ ናት። እንዳትደውል። ብትደውልም ስልኩ እኔ ጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የሶፋህን ፕላስቲክ በቢላ ቀድጄ ጣልኩት። ዝቅ ብላ መቀመጥ ስለማትችል ትራስ በትራስ ላይ ደርቤ እዚያ አስቀምጫታለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እትዬ የሻለም አጎዛው ላይ ተቀምጠው ሽቅብ ያናግሯታል። እማ ዓይኗ አጎዛው ላይ ነው።

ሶፋ ላይ ነው የምትቀመጠው ብለህ አልነበር? ይኸው፣ እውነት አደረግኸው።

እህትህ ኢልሀም