የታላስ ሴቶች ሲደመጡ

ውድ ባትማ፣

እዚህ ታላስ መጥቼ ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው። ትናንት ከሚኒስቴር የመጣ ባለሥልጣን፣ በመንገድ ዳር የባዝራ ወተት ከሚሸጡ ሴቶች ጋር ሣር ላይ ቁጭ ብሎ «የወተት ሽያጩ ደንብ ሳይወጣ እስቲ እናንተ ንገሩኝ» አላቸው። ኡልካን የሚባሉ አሮጊት ብድግ አሉና፣ «ልጄ፣ ለመሸጫ ፈቃድ ሦስት ቀን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ስንከራተት ባዝራዬን ማን ያልብልኛል? አንተ?» ሲሉት ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። የጻፈውን መልሶ አነበበላቸው። «እንዲህ አላልኩም፣ ሰርዘው!» አሉት። ሰረዘው እኮ ባትማ! እኛ ጋ ናሪን የሚመጡት ባለሥልጣናት በጋችንን በልተው፣ ፎቶ ተነሥተው ነው የሚሄዱት።

አላስችል ብሎኝ «እኛስ ናሪኖቹ? ማን ይጠይቀናል?» ብዬ ጮኽኩ። ኡልካን ቀበል አድርገው፣ «እኛ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈን ነው ይህን ሰው ያመጣነው። እናንተ ስንት ጻፋችሁ?» አሉኝ።

አንድ! መልስ ሲጠፋ አኩርፈን የተውነው እኔና አንቺ ነን። ከዚያ በኋላ ቅናቱ ባሰብኝ እንጂ አልበረደልኝም።

ሐሙስ እገባለሁ። ሴቶቹን አንቺ ቤት ጥሪልኝ፣ ሁለተኛውን አብረን እንጽፋለን። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሕፃኗንም ጉንጯን። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ።

ቅናት ያንገበገባት ቤጊማይ