ሦስት ማኅተም ያረፈባት ልጄ

ደሴ፣ ሰኔ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ለጓድ ስማቸው
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም የማይነጥፍ ቀለም እየተመኘሁ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ አመልካቿ ኡሙሰልማ ሀምዱ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ነዋሪ፣ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ቆዳ በማልፋት የሚተዳደረው የጀላል ባለቤት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እርስዎ በከፈቱት የመሠረተ ትምህርት ክፍል፣ የምስክር ወረቀቱንም የተቀበልኩት ከእጅዎ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ቅር ቢያሰኝዎ የራስዎ ድካም ፍሬ መሆኑን አስበው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

የምጽፈው የፊታችን ሰኞ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ እንድቀርብ ስለታዘዝኩ ነው። ክሱ ሰው ያለ ፈቃድ ቀብራለች ይላል። የተቀበረችው ልጄ ናት። ከመቅረቤ በፊት ሕዝቡም ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቀው ብዬ፣ በእጄ ያሉትን ሦስት ወረቀቶችዎን በየተራቸው ላስታውስዎ።

አንደኛ፤ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥቼ ከኖርኩ በኋላ፣ አዲስ አበባ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ጠይቄዎ ነበር። ሦስት ጊዜ መለሱኝ። በአራተኛው በስብሰባ መሐል አስነስተው፣ ልጅ አለመውለዴ ለሰፊው ሕዝብ ምን ጉዳት እንዳለው አወያዩበት፤ እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ ቆሜ አዳመጥኩ። በመጨረሻ «ለነገው አምራች ኃይል መገኛ የሚሆን ሕክምና» ብለው ፈርመው ማኅተም መቱበት። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ወታደሩ ይህን አንብቦ ሆዴን አየና የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ልጄ ገና ሳትፀነስ አምራች ኃይል ተብላ ስለተጻፈች አመሰግናለሁ፤ እኔ እናቷ እንኳ ያን ያህል ለመመኘት አልደፈርኩም ነበር።

ሁለተኛ፤ ሕክምናው ሠመረ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፀነስኩ። ሐኪሙ የፀነስሽበት ነው ብሎ ከነገረኝ ቀን ተነስቼ የጓዳዬን ግድግዳ በከሰል እየጫርኩ እያንዳንዱን ቀን ቆጠርኩ። መቶ ሃያኛውን ቀን በጫርኩበት ሰኞ፣ በቅዳሜው ዘመቻ ለጎርፍ መከላከያው ግንብ ድንጋይ ከመሸከም እንድቀር የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ አመለከትኩ። መልስዎ በማግሥቱ ደረሰኝ፤ «ያልተወለደ በቀበሌው መዝገብ የለም፤ በመዝገብ የሌለ ደግሞ ሌላውን ከሥራ አያስቀርም» ይላል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። የዘመቻውን ደንብ እርስዎ ያውቁታል፤ አንድ ረድፍ ዐሥር ሰው ነው፣ አንዱ ከቀረ የእሱን ድርሻ የቀሩት ተካፍለው ይሸከማሉ። በዚያ ቅዳሜ ከረድፋችን አንድ ሰው ቀርቶ ስለነበር ከድርሻዬም በላይ ተሸከምኩ። እሑድ ደም አየሁ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ልጄን አጣኋት።

ሦስተኛ፤ የተቀበሏት ጎረቤቴ እትዬ መዲና ናቸው። ሴት ነበረች። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሲመጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ቀኗ ነው አሉ። ጀላል ወደ ጓዳ ገብቶ ከሰሉን እየነካካ ቆጠረና መቶ ሃያ ሰባት አላቸው። በእኛ ዘንድ መቶ ሃያ የሞላው ሩሕ፣ ማለትም ነፍስ፣ የተነፋበት ነውና ታጥባ፣ ከጀላል ጥምጥም በተቀደደ ክንድ በማይሞላ ጨርቅ ተከፍና፣ ሳፊያ የሚል ስም ወጥቶላት፣ ተሰግዶባት ተቀበረች። እርስዎ ሐሙስ ዕለት መጥሪያ ላኩልኝ፤ «ሰው ያለ ፈቃድ በመቅበር፣ ሆን ብላም አስወርዳ እንደሆነ እንዲጣራ» የሚል። አሥራ አንድ ዓመት የለመንኩትን ልጅ ሆን ብዬ! ቅዳሜ ድንጋይ ሲጫንብኝ ያልነበረችው ልጅ ሐሙስ ሰው ሆና ስለተገኘች ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ አመሰግናለሁ።

ትናንት ደግሞ በጸሐፊዎ በእንየው እጅ አራተኛ ወረቀት ልከዋል። «የተቀበረው ደም እንጂ ሰው አልነበረም» ብዬ ብፈርም ክሱ ይዘጋል፣ የዘመቻውም ነገር አብሮ ይዘጋል፤ ባልፈርም ስድስት ወር እታሰራለሁ። እንየው አንገቱን ደፍቶ፣ እህቴ ፈርሚና ተገላገይ አለኝ። ጀላልም እስክሪብቶውን አቀበለኝ፤ አልፈርድበትም፣ ልጁን ባጣ ወር ሳይሞላው ሚስቱንም ማጣት ፈርቷል። ግድግዳውን አሳየሁትና የቱን ጭረት ልፋቅ ብዬ ጠየቅሁት። እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ሰው ከመቼ ጀምሮ ሰው እንደሚሆን ልከራከርዎ አልመጣሁም። ጎረቤቴ ባይነሽ ከወንጌል አማኞቹ ናት፣ ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው ትላለች። ሼሁ ቀን ይቆጥራሉ። ሐኪሙም የራሱ አቆጣጠር አለው። ሦስቱ አይስማሙም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ያሉትን ሐሙስ ሲለውጡ አላየሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእርስዎ ቃል ብቻ አፋፍ ደርሶ እየተመለሰ ልጄን አንዴ አምራች ኃይል፣ አንዴ ምንም፣ አንዴ ሬሳ፣ አሁን ደግሞ ደም አድርጓታል። ለአንዲት ክንድ ለማትሞላ ልጅ ይህ ሁሉ ሹመትና ሽረት በዛባት።

ስለዚህ አልፈርምም። ወረቀቱ ንጹሕ እንደሆነ ከዚህ ጋር ተመልሷል፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለሌላ ሥራ ያገለግልዎታል። ሰኞ እቀርባለሁ፣ ስምና አድራሻ ስጠየቅም የሳፊያ እናት ነኝ እላለሁ። ስድስት ወሩን ቢፈርዱብኝ ቀን መቁጠር የለመድኩ ስለሆንኩ አያሳስብዎ።

ፊደል ላስቆጠሩኝ፣ የይለፍ ወረቀት ለሰጡኝ፣ ሦስት ጊዜም ማኅተም ለመቱልኝ ክቡርነትዎ ያለኝን ውለታ እየቆጠርኩ፣ በታላቅ ትሕትናና ካልተፈረመው አራተኛ ወረቀት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ኡሙሰልማ ሀምዱ
የሳፊያ ጀላል እናት

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ሸማቾች ሱቅ በር
ለዳቦ ሰልፈኞች
ለመሠረተ ትምህርት ክፍል፣ ለንባብ መለማመጃ እንዲሆን

ማስታወሻ፦ በዚያ ቅዳሜ ከረድፋችን የቀሩት የእርስዎ ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ ነበሩ። ሦስተኛ ወራቸውን ስለያዙ በእርስዎ ፈቃድ እንደቀሩ ተነገረን። ደግ አደረጉ፣ እርጉዝ ድንጋይ አይሸከምም። አላህ በሰላም ይገላግላቸው፤ የዚያን ቀን ድርሻቸውን እኔ ተሸክሜላቸዋለሁ።