የወይዘሮ አስካለ ሁለት ስሞች

ዘመሮ፣ ጥር 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዛሬ ረታሁ! ከአውራጃ የመጡት ተቆጣጣሪ በበጎ ፈቃድ የከፈትነውን የጎልማሶች ትምህርት ሊዘጉት ነበር። መዝገቡን ከፍተው ስም ቢጠሩ፣ ክፍሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ «አቤት» የሚል ጠፋ። «የሌለ ሰው መዝግበህ፣ ለዛሬ ከገበያ ሰው ሰብስበህ ነው» ብለው በተማሪዎቼ ፊት አዋረዱኝ። ደሜ ፈላ። መዝገቡን የጻፉልኝ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ሁሉንም በክርስትና ስማቸው አስፍረዋቸዋል። እኔም ሞኙ ሳላስተካክል ተውኩት። መተት እየፈራ፣ በማያውቀው ሰው አፍ በክርስትና ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል መንዜ የት አለ? ይህን ባስረዳቸው ተቆጣጣሪው ሳቁብኝ።

ያን ጊዜ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ጌታዬ፣ እሱን ስም አይጥሩብኝ። ብዕርዎን ግን ያውሱኝ» አሏቸው። «ወለተ ኪዳን» ከሚለው አጠገብ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ «አስካለ» ብለው ጻፉ። አምና እኮ ብዕር አያያዝ እንኳ አያውቁም ነበር! ቀጥሎ ሌላው ተነሣ፣ ከዚያም ሌላው፤ ወረፋው እስከ በሩ ደረሰ።

ተቆጣጣሪው ብዕራቸውን ለማስመለስ የመጨረሻው ተማሪ ጽፎ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ።