ዜብራው ላይ የተነሣች እጅ

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የመኪናዎ መስታወት ጥቁር በመሆኑ ፊትዎን አይተን መገመት ስላልቻልን፣ ደኅና ነዎት ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ የምጽፍልዎትም ለምስጋና ነው።

፩ኛ. በየትምህርት ቤቱ ባለሙያ ልከው፣ ልጆቻችን መንገድ ሲሻገሩ እጃቸውን እንዲያነሡ ስላስተማሩልን እናመሰግናለን። ለእኛ ለሹፌሮቹ ግን የነገረን የለም። እኛ ዘንድ መንገድ ዳር እጅ ያነሣ ሰው ታክሲ ፈላጊ ነው፤ ቦታ ካለን እንቆምለታለን፣ ከሌለን መዳፋችንን አወዛውዘን «ሞልቷል» እንለውና እናልፋለን።

፪ኛ. የሰፈራችን ትምህርት ቤት በር ላይ ያስቀቡት ዜብራ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ሄዷል። ሰበብ ለሚፈልግ እንደ እኔ ላለ ሹፌር ትልቅ ውለታ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

፫ኛ. ይህኛው እንኳን አቤቱታ አይደለም፤ የት እንደማደርገው ስለጨነቀኝ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ታክሲዬ ጢም ብላ ሞልታ ስከንፍ፣ እዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እጇን አነሣች። እንደ ልማዴ ሞልቷል ብዬ በእጄ አሳየኋትና ክላክሴን እያንባረቅሁ አለፍኩ። ፊቷን አላየሁም፤ ያየሁት እጇን ብቻ ነው። ማታ ቤት ስገባ የልጄ አንድ እግር ጫማ የለም። ታክሲ ሊገጫት ሲል ወደ ኋላ ዘላ እንደዳነች ለእናቷ ነግራታለች፤ የማን ታክሲ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም። ክቡር ሆይ፣ አፈርኩ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀለሙ ስለጠፋ ነው እንዳልል፣ እጁን ያነሣው ትራፊክ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ገና ከሩቁ ፍሬን እይዝ ነበር። ስለዚህ ዜብራውን ያስቀቡልን፤ የተነሣ እጅ ምን ማለት እንደሆነም ለእኛ ለትልልቆቹ ያስተምሩን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በተሰበረ አንገትና በማያልቅ አክብሮት፣
የገዛ ልጁን ተሳፋሪ መስላው ያለፋት ሹፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚያ ወዲህ ዜብራው የነበረበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ትናንት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር እስክትሻገር ስጠብቅ፣ ከኋላዬ በክላክስ ያደነቆረኝ፣ ኋላም ደርቦ ቀድሞኝ በልጆቹ ፊት የከነፈው የቢሮዎ መኪና ነበር። የኋላ መስታወቱ ላይ «ለእግረኛ ቅድሚያ እንስጥ» የሚል ተለጥፎበታል፤ ጽሑፉ በጣም ያምራል። ልጄም አንብባዋለች። ዛሬ ጠዋት ግን እጇን አላነሣችም፤ ሮጣ ነው የተሻገረችው።