በጨዋ ደብዳቤ ስለተጠየቀው ባለቤቴ

ለክቡር የእስረኞች ርክክብ ሹም
የእንግሊዝ ግዛት ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ወበቅ እንቅልፍዎ እንዳይጓደል፣ የሚያልብዎትም ከሥራ ብዛት ብቻ እንዲሆን እየተመኘሁ እጅ እነሳለሁ። እኔ ወደቡ ዳር የደረቀ ዓሣ የምሸጠው ሆ ሲዩላን ነኝ። እስር ቤትዎ ያለው ባለቤቴ ላው ፑን ሐሙስ ጠዋት በመርከብ ተጭኖ ለቻይና ሹማምንት፣ ለካንቶን ከተማዎቹ፣ ተላልፎ ይሰጣል። እዚያ የሄደ እስረኛ አንገቱን ይዞ እንደማይመለስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አንደኛ፤ የጎረቤቴ የማክ ታይ ባል ሦስት መርከብ ዘርፏል። ካንቶኖች እሱ እንዲሰጣቸው በደብዳቤ ሲጠይቁ የእርስዎን ማዕረግ ከራሳቸው ሹም ማዕረግ ዝቅ አድርገው ስለጻፉ፣ እርስዎ ተቆጥተው ደብዳቤውን መለሱት፤ ይኸው አምስት ወር ሙሉ ስለ አንድ ወንበዴ ከአንድ መንግሥት ጋር ይሟገታሉ። ክብርዎን ያቆይልን።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ አንድ የጀልባ ሸራ ሰረቀ ተብሏል። እሱን የጠየቀው ደብዳቤ ግን ማዕረግዎን ከሁሉ በላይ አስቀምጦ፣ በቀይ ሐር ተጠቅልሎ መጣ፤ እርስዎም በማግስቱ ፈረሙ። በጨዋነት ተጠየቀ፣ በጨዋነት ተሰጠ። ለዚህ መልካም አስተዳደግዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፤ ማክ ታይ በየጠዋቱ ቦኖው ዘንድ ሴቱን ሰብስባ፣ «የኔማ ሰውዬ ሁለት መንግሥት ይጣላበታል! ያንቺን ግን ማን ዞር ብሎ አየው እቴ?» ትለኛለች። ትናንት ደግሞ እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም እንደ ዕድሉ ነው» አለችኝ። ስድቧን ችዬው ነበር፤ ማጽናናቷ ግን አንጀቴን አሳረረው። ቅናት ነው፣ አልደብቅዎትም። ባሏን አልተመኘሁም፤ የተመኘሁት ጠቡን ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በባለቤቴም ይጣሉልኝ። ሰበብ ካጡ ማኅተሙ ጠሟል ይበሉ፤ ሐሩ ደብዝዟል ይበሉ። አምስት ወር አልጠይቅም፤ ሐሙስን የሚያሳልፍ ኩርፊያ ይበቃኛል።

ስለ ረጅም ዕድሜዎና ቶሎ ስለሚነካው ክብርዎ ዘወትር የምትጸልይ፣ ከጫማዎ ሥር የማትጠፋ ታዛዥዎ፣
ሆ ሲዩላን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘበኛው ለመንገድ የሚሆን ልብስ አምጪለት ስላለኝ አሮጌውን ጃኬት ሰጠሁት፤ ካንቶን የሟች ልብስ ለሚስት አትመልስም። አዲሱ እቤት ተሰቅሏል። ከተጣሉ እኔው ራሴ እስር ቤት አመጣለታለሁ፤ ካልተጣሉ ለእርስዎ እልከዋለሁ፣ ከካንቶኑ ሹም ጋር ሲገባበዙ ይለብሱታል።